የሰኞ ጋቢ

አንባቢ ሆይ፤ በሐምሌ ማለዳ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጉለሌን ሲገርፍ፣ በሽሮ ሜዳ መንገድ ላይ ጋቢ የለበሰውን ሰው እስቲ ይቁጠሩ። የሌሊት ዘበኛው ለብሷል፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ሽማግሌ ለብሰዋል፤ ሱቁን የሚከፍተው ነጋዴም ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ግን መንገዱ መልኩን ይለውጣል። ታክሲ የሚጠብቀው ጸሐፊ፣ ተማሪውና እንደኔ ያለው አስተማሪ በስስ ኮት ተጠቅልለን እንንቀጠቀጣለን። የምንንቀጠቀጠውም ጋቢ በሚሸመንበት ሰፈር መካከል ቆመን ነው።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጋቢ ለሥራ አይለበስም። አንድ ባልደረባዬ ባለፈው ክረምት ጋቢውን ደርቦ ወደ መምህራን ክፍል ቢገባ፣ የመጀመሪያው ሰው «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለው። ሁለተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ሞተብህ?» ሲል ጠየቀ። ሦስተኛው ደግሞ ሳቀና «ዛሬ የማን በዓል ነው?» አለ። ከሕመም፣ ከኀዘንና ከበዓል ሌላ ጋቢ የሚያስለብስ ምክንያት ለአንዳቸውም አልታያቸውም። ብርዱን ማንም አላሰበውም!

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስልዎ። በስኮትላንድ ወንዶች የሚታጠቁት ኪልት የሚባል ሽንሽን ጉርድ አለ። ብዙዎቻችን በሥዕል አይተን «ወንዱ ቀሚስ ለበሰ» ብለን ስቀናል። የዚህን ልብስ አያት ቢያዩት ግን ዘመድ ሆኖ ያገኙታል። የጥንቱ የስኮትላንድ ደገኛ ልብስ አንድ ረጅም የሱፍ ጨርቅ ነበረ። ባለቤቱ ከወገቡ በቀበቶ ያስረውና የተረፈውን በትከሻው ላይ ይጥለዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ራሱን ይከናነብበታል፤ ሲመሽም ተጠቅልሎበት ይተኛል። ቀን ልብስ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ማለት ነው። ከጋቢ በምን ይለያል?

እ.ኤ.አ. በ1746 እነዚህ ደገኞች ለስቱዋርት ቤተሰብ ዙፋን ተዋግተው በካሎደን ድል ሲሆኑ፣ የለንደን ፓርላማ ልብሳቸውን በሕግ ከለከለ። ለብሶ የተገኘ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ቢደግመው ለሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ይጋዛል። ለንጉሡ ጦር ለተመለመሉት ወታደሮች ብቻ ተፈቀደ። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ከዚያም በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንብራን ሲጎበኝ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባሰናዳው አቀባበል ላይ ንጉሡ ራሱ ኪልት ታጥቆ ታየ። ገበሬና እረኛ ይለብሰው የነበረው የመኳንንት ጌጥ ሆነ። ዛሬ ኪልት የሠርግ፣ የኳስ ጨዋታና በጥር ወር ለባለቅኔያቸው ለበርንስ የሚደረገው የእራት ግብዣ ልብስ ነው። ስንቱ ሙሽራ ለአንድ ቀን ተከራይቶ በማግሥቱ ይመልሰዋል! ዕለት ዕለት የሚታጠቁት ጥቂት ወንዶች አልጠፉም፤ እነርሱንም መንገደኛው ዞር ብሎ ያያቸዋል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ እስራቱ ያልጨረሰውን ክብሩ ጨረሰው።

እኛን ደግሞ በሕግ የከለከለን የለም። ሸማ በአባቶቻችን ዘንድ ንግግር ነበረ፤ በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም አደግድጎ ይቀርባል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ አመሳቅሎ ያጣፋል፤ ኀዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ ያዞረዋል። ይሁን እንጂ እውነቱን እንነጋገር። ይህ ልብስ እጅ ይይዛል። በአንድ እጄ ጠመኔ፣ በሌላው መጽሐፍ ይዤ ሳለሁ ጋቢዬን ማን ይሰብስብልኝ? ተጋፍቶ ታክሲ የሚሳፈር ጸሐፊስ ነጭ ሸማውን ወዴት ያደርገዋል? ሸማ የማይቸኩል ሰው ልብስ ነው። እኛ ግን የመግቢያ ፊርማ ይጠብቀናል።

ከሽሮ ሜዳ ጥቂት ቁልቁል ቢወርዱ ስድስት ኪሎ ይደርሳሉ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ፣ በመጋቢት 1960 ዓ.ም. የፋሽን ትርዒት ሲደረግ፣ ተማሪዎች የባዕድ ልብስ ባህላችንን ያጠፋል ብለው ተነሡ፤ ተቃውሞውም ወደ ረብሻ ተለውጦ ፖሊስ ገባ። ንዴቱ ሁሉ በአጭር ጉርድ ላይ ነበረ። የተቆጡት ወንዶች የለበሱት የአውሮፓ ሱሪ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም። የአገር ልብስ ይጠበቅ በተባለ ቁጥር ጥበቃው ለሴቶች ይተዋል። ዛሬም በበዓል ዋዜማ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ ቢሉ፣ እኅቶቻችን በሐበሻ ቀሚስ፣ ወንዶቹ በክራባት ተቀምጠው ያገኛሉ።

ነገሩ የጌጥ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላደከምኩዎ። በሽሮ ሜዳና በአካባቢው የሚኖሩት ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ወይም የእነዚያ ልጆች ናቸው። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ ከቶ ይቀመጥና መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እጁ ሲያቀባብል ይውላል። የጨርቁ ወርድ ክንዱ ከሚደርስበት አያልፍምና ጋቢው ከተጋጠመ ጨርቅ ይሰፋል። ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉን ግን ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል። ከተማሪዎቼ መካከል አንዱ፣ አባቱ ሸማኔ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ፣ በትምህርት ቤቱ ቅጽ «የአባት ሥራ» በሚለው ላይ «የግል» ብሎ ጻፈ። በባህል ቀን አባቱ የሠራውን ኩታ ለብሶ ከሁሉ ፊት የተሰለፈውም እርሱ ነው። ያን ዕለት ተጨበጨበለት፤ ቅጹን ግን አላረመውም። ልጁን አልወቀስኩትም፤ በዓመት ሁለት ቀን የሚከበር ሙያ እንዴት ያኩራራዋል?

ኪሱም እንደዚያው ነው። ለእንቁጣጣሽና ለጥምቀት ገዢው ይጋፋል፤ በመካከሉ ገበያው ጭር ይላል። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ጥበቡ በማተሚያ የታተመበት ርካሽ ጨርቅም ከጎኑ ተሰቅሎ ይጠብቃል። ለአንድ ቀን ፎቶግራፍ የሚፈልገው ሰው ያንን ቢወስድ ምን ይገርማል? የእጅ ፈትል ሙቀቱና ጥንካሬው የሚታወቀው ዘወትር ለለበሰው ነው።

ስኮትላንዶች አንድ ብልሃት አስተምረውናል። ያን ረጅም ጨርቅ ሥራ ስላስቸገራቸው የላይኛውን ቆርጠው ተዉት፤ የታችኛውን ሽንሽኑን ሰፍተው አጸኑት። ዛሬም ለአንድ ኪልት ሰባት ሜትር ያህል ጨርቅ ይገባበታል፤ ሸማኔው አልተጎዳም፤ የለባሹም እጅ ነጻ ወጣ። እኛም ጋቢውን ለቤትና ለሌሊት ትተን፣ ጨርቁን ሸሚዝና ጃኬት ብናስደርገው ማን ይከለክለናል? የሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊዎች ይህን ይችሉበታል፤ ሥራው የሚጎድለው አዛዥ ብቻ ነው። ያለ ጥበብና ያለ ጥለት፣ ወፈር ያለውን ይምረጡ። ባለሱቁ «ለየትኛው በዓል ነው?» ማለቱ አይቀርም። «ለሰኞ» ይበሉት።

እኔ የጃኬቱን ልክ ካስለካሁ ሳምንቴ ነው። ቀለሙን ነጭ አድርጌዋለሁ፤ ጠመኔ አይታይበትም።