እረኝነት ልምድ አይደለም ያለው ማን ነው?

አንድ ወጣት በዓይነ ኅሊና ይታይ። መንዝ ተወልዶ አያቱ ዘንድ አደገ፤ እስከ 15 ዓመቱ በግ ጠበቀ። ከዚያ ቀድመው የሄዱት አባቱ ወረቀቱን ጨርሰው ሜሪላንድ ወሰዱት። አሁን ኮሌጅ ገብቶ ባዮሎጂ ይማራል፤ ቅዳሜና እሁድ ሌሊቱን አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ይሠራል። የእንስሳት ሐኪም መሆን ይፈልጋል።

ማመልከቻውን መሙላት ጀመረና የልምድ ሰዓት ከሚጠየቅበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። በሕይወቱ የገባው አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ብቻ ነው፤ እዚያም ሐኪሙ ሲሠራ ቆሞ ያየው 40 ሰዓት ነው። 40 ብሎ ጻፈ። የወደፊት የሙያ ፍላጎቱን እንዲያስረዳ ሲጠየቅ ደግሞ «ምንም እንኳ ልምዴ ውስን ቢሆንም ከልጅነቴ ጀምሮ እንስሳት እወዳለሁ» ብሎ ጀመረ።

ስለ በጎቹ አንድ ቃል የለም።

ወጣቱ ምናባዊ ነው፤ ነውሩ ግን እውነተኛ ነው። ከገጠር የወጣ ሐበሻ መጀመሪያ የሚደብቀው ዱላውን ነው። ይህ መደበቅ ዋጋ እያስከፈለ ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት፤ የሚያስከፍለውም አመልካቹን ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ማመልከቻው ራሱ የሚለውን እንመልከት። በአሜሪካ አብዛኞቹ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች አመልካች የሚቀበሉት ቪኤምካስ በሚባል የጋራ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ልምድን በየፈርጁ ይለያል። በእንስሳት ሐኪም ሥር ሆኖ የተሠራ አንድ ፈርጅ ነው። ሐኪም ሳይኖር ከእንስሳት ጋር የተሠራ ሥራ፣ እርሻና እርባታን ጨምሮ፣ ሌላ ፈርጅ ነው። ምርምርም የራሱ ቦታ አለው። ቤት ውስጥ የራስን ውሻ ማሳደግ እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ መንጋ መጠበቅና ማርባት ግን የሚመዘገብበት ቦታ አለው። የትኛው ኮሌጅ ከየትኛው ዕድሜ ጀምሮ ያለውን ሰዓት እንደሚቀበል አጣርቶ መሙላት የአመልካቹ ፋንታ ነው። ሰዓቱ ባይቆጠርለት እንኳ ታሪኩን በድርሰቱ ውስጥ እንዳይጽፍ የከለከለው የለም።

ታዲያ ማን ከለከለው? ፈረንጅ አይደለም። ያሳደገው ኅብረተሰብ ነው። ትምህርት የከበደው ልጅ «ሂድና ከብትህን ጠብቅ» ይባላል። እረኛ ማለት ስድብ ነው፤ ያልሠለጠነ፣ ያልገባው፣ የኋላ ቀር ማለት ነው። አሜሪካ ሲደርስ ሌላ ጫና ይጨመርበታል። «ዶክተር ሁን» የሚለው ምርቃት የሰው ዶክተር ማለት ነው። የእንስሳት ሕክምና ላጥና ያለ ልጅ «አሜሪካ ድረስ የመጣኸው ላም ልታክም ነው?» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። እንዲህ ተብሎ ያደገ ልጅ ፈረንጅ ፊት «በግ ጠባቂ ነበርኩ» ብሎ እንዲጽፍ መጠበቅ ከባድ ነው።

ይህን ንቀት የሚያሳየው አገር የቱ እንደሆነ ይታሰብ። ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ አንደኛ ናት። የከብት ሞት ምን እንደሚያመጣም ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር መጣ የሚባለው የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ጠራርጎ ወሰደው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፋ። ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት። እስካሁን «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚጠራው ረኀብ ከሕዝቡ ሲሶውን ጨረሰ የሚሉ አሉ። አንድ የከብት በሽታ አገር ሲያፈርስ የታየው እዚሁ ነው።

በሽታውን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የመጨረሻው ምሽግ ከነበሩት ቦታዎች አንዱ አፋር ነው። የመንግሥት ክትባት ቡድን በመኪናና በማቀዝቀዣ ሊደርስበት ያልቻለ በረሃ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ሲገኝ ሥራው ለማን ተሰጠ? ለአርብቶ አደሮቹ ለራሳቸው። አጭር ሥልጠና ወስደው፣ መንጋው የት እንዳለና መቼ እንደሚንቀሳቀስ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች መርፌውን ይዘው ወጡ። በሽታው ከአካባቢው ጠፋ። በ2011 እ.ኤ.አ. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ልጅ ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ሆነ። በዚያ ድል ውስጥ ዲግሪ የሌላቸው እረኞች እጅ አለበት። ይህን ታሪክ ይዞ «እረኝነት ልምድ አይደለም» ማለት ድፍረት ነው።

«እረኝነት ሕክምና አይደለም» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ልክ ነው፤ አይደለም። በግ የጠበቀ ልጅ ራጅ ማንበብ አያውቅም፤ ማደንዘዣ ሲሰጥ አላየም፤ ባለቤቱ እያለቀሰ ውሻውን በመርፌ እንዲሞት ሲያደርጉለት አጠገቡ አልቆመም። ኮሌጆቹ የክሊኒክ ሰዓት የሚጠይቁትም ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርቱ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ብዙዎች ከ100 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ዕዳ ይዘው ይወጣሉ። ሥራው ምን እንደሆነ ሳያይ የሚገባ ሰው ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ ወጣቱ 40 ሰዓቱን 400 ብሎ መጻፍ የለበትም፤ እረኝነቱንም የክሊኒክ ልምድ አስመስሎ ማቅረብ የለበትም። ያልነበረን ነገር ነበር ማለት ውሸት ነው። የነበረን ነገር አልነበረም ማለትም ያው ነው።

ጥያቄው የሙያ ፍላጎትን ይመለከታል። ልምዱ ጥቂት የሆነ አመልካች ስለ ፍላጎቱ ምን ይበል? ብዙዎች በሁለት መንገድ ይሳሳታሉ። አንዱ በባዶው እርግጠኛ ይሆናል፤ አንድም ቀዶ ሕክምና ሳያይ «የፈረስ አጥንት ቀዶ ሐኪም እሆናለሁ» ይላል። ሌላው ምንም አይልም፤ «ሁሉንም የእንስሳት ሕክምና ዘርፍ እወዳለሁ» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም ያላቸውን ትተው የሌላቸውን ይለቃቅማሉ።

የመንዙ ልጅ ያለውን እንይ። ከሚጠብቃቸው በጎች አንዷ አንድ ቀን መዞር ትጀምራለች። አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ፣ ሣሩን ትታ፣ እዚያው ትሽከረከራለች። ገበሬው «አዙሪት ያዛት» ይላል። ሳትሞት ትታረዳለች፤ ጭንቅላቷ ለውሻ ይጣላል። ልጁ ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቷል። ያላየው በመካከል ያለውን ነው። በበጓ አንጎል ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የውሻ ትል እጭ ነው። ውሻው ጭንቅላቱን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ግጦሹ ላይ ይወድቃል፤ ሌላ በግ ሣሩን ስትግጥ ትውጠዋለች። ዑደቱን የሚያስቀጥለው ለውሻው የሚጣለው ጭንቅላት ነው።

ይህን ያየ ልጅ ስለ ሙያ ፍላጎቱ የሚጽፈው አለው። «በጎች ሲዞሩ አይቻለሁ፤ ምክንያቱን ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው። አንድ ቤተሰብ ጭንቅላቱን ቢቀብርና ውሻውን የትል መድኃኒት ቢሰጥ የሚቀር በሽታ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ያየሁት 40 ሰዓት የአንድ ውሻና የአንድ ባለቤት ጉዳይ ነው፤ እኔን የሚስበኝ የመንጋና የመንደር ጉዳይ ነው። በጥገኛ ተውሳክ ነው ወይስ በኅብረተሰብ ጤና የምሠራው፣ ገና አልወሰንኩም፤ ለመወሰን የሚቀረኝን ማየት እፈልጋለሁ።» ይህ ጽሑፍ ልምዱ ጥቂት መሆኑን አልደበቀም። ያየውን፣ የተማረውን፣ የማያውቀውን ለይቷል። ከሐኪም የሚጠበቀውም ይኸው ነው፤ ምልክቱን ማየት፣ ምክንያቱን መፈለግ፣ ያላወቁትን አላወቅሁም ማለት።

የሚያሳፍረው እነዚያን በጎች የሚንቃቸው ሐበሻው ብቻ መሆኑ ነው። የመንዝ በግ ሳይንቲስቶች ለዓመታት ደብረ ብርሃን ላይ ከሆሮ በግ ጋር እያነጻጸሩ የውስጥ ጥገኛ ትልን የመቋቋም አቅሙን ያጠኑት ዝርያ ነው። ልጁ ከዝርዝሩ ያወጣው መንጋ በዓለም አቀፍ ጆርናሎች ላይ ስሙ አለ።

ይህ ባዶ ቦታ ሲገኝ ደግሞ ነጋዴው ይገባበታል። ገንዘብ ተቀብሎ የማመልከቻ ድርሰት የሚጽፍ አለ፤ አሁን ደግሞ በነፃ የሚጽፍ ማሽን መጥቷል። ሁለቱም የሚሰጡት ተመሳሳይ ነው፤ የሞተች ድመት፣ የተሰበረ የወፍ ክንፍ፣ «ያን ቀን ሕይወቴ ተለወጠ»። ለሐበሻ አመልካች የሚጨመር ቅመምም አለ፤ «ተምሬ ወደ አገሬ ተመልሼ ወገኔን አገለግላለሁ»። ይህን ከልቡ የሚል ይበል። ነገር ግን አገሩ ውስጥ የጠበቀውን በግ ለመጥቀስ ያፈረ ሰው፣ አገሩን አገለግላለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ማን ይመነው? ቃለ መጠይቅ ላይ «የአገርህ ገበሬ ትልቁ ችግር ምንድን ነው?» ሲባል የተገዛው ድርሰት አብሮት አይቀመጥም።

ኮሌጆቹም ከወቀሳ አያመልጡም። የክሊኒክ ሰዓት የጥረት መለኪያ ይመስላል፤ በብዙ መልኩ ግን የገንዘብ መለኪያ ነው። ያለ ክፍያ ወራት ቆሞ ለማየት መኪና፣ ነፃ ጊዜና የሚያስጠጋ የምታውቀው ሐኪም ያስፈልጋል። ሌሊት የሚሠራ፣ ለቤተሰቡ የቤት ኪራይ የሚያዋጣ ልጅ ይህ የለውም። የአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና እጅግ አብዛኛው ባለሙያ ነጭ የሆነበት ሙያ ነው፤ ከጥቁር ሐኪሞቹም አብላጫውን ያፈራው ቱስኪጊ የተባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ የሆነው ሌላው ጥቁር እንስሳ ስለማይወድ አይደለም። ሰዓቱን የሚቆጥር ኮሌጅ፣ ሰዓቱን ማን ሊገዛው እንደሚችልም መቁጠር አለበት።

ሙያው ውስጥ የገቡ ሐበሾችም ድርሻ አላቸው። የሐኪም በር የሚከፈተው በሚያውቁት ሰው ነው። አንድ ሐኪም በወር ሁለት ቅዳሜ አንድ ልጅ አስጠግቶ ቢያሳይ፣ 40 ሰዓቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ቁጥር ይሆናል። ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ግንባታ የሚዋጣው ገንዘብ ባይዋጣም፣ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

አገር ቤት ደግሞ ችግሩ የተገለበጠ ነው። አሜሪካ ጥያቄውን አብዝታ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያ ጭራሽ አትጠይቅም። ቢሾፍቱ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ መቀሌ የእንስሳት ሕክምና ይማራል። ተማሪው ግን የሚመደበው በውጤቱና በሞላው የምርጫ ቅደም ተከተል ነው። «ለምን ይህን መረጥክ? ምን አይተሃል?» የሚለው የለም። የሰው ሕክምና ፈልጎ ነጥቡ ያልደረሰለት እዚያ ይገባና ስድስት ዓመት ሲቆጭ ይኖራል። አሥር ዓመት ከብት ያገደችው፣ ላም ስታምጥ ጥጃ ስባ ያወጣችው ልጅ ግን ልምዷ የሚጻፍበት አንድ መስመር እንኳ የላትም። በዓለም የበጎችና የፍየሎች ደስታ በሽታን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ዕቅድ ተይዟል። መርፌውን ይዞ ቆላ የሚወርደው ማን ነው? ሲቆጭ የተመረቀው ወይስ በረቱን የምታውቀው?

ድሮ ነገሥታቱ የአገሩን ሁኔታ ማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ የሚያየው ነገር እንዳለ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ዛሬ እረኛው ራሱ ተጠይቋል፤ ሰንጠረዡ ተከፍቶ፣ ቦታው ተሰጥቶት፣ «ምን አየህ?» ተብሏል። እሱ ግን «ልምድ የለኝም» ብሎ ጻፈ።

ያንን መስመር ይሰርዘው። በጎቹን ይጻፍ።