ሐረማያ፤ ሄዶ የተመለሰው ሐይቅ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው ዳገቱን ጨርሶ፣ ሐረር ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ሐረማያን ያገኛል። ከተማዋ የገበሬ ከተማ ናት፤ ድንቹና ሽንኩርቱ በየጆንያው ታስሮ ከመንገድ ዳር መኪና ይጠብቃል፤ ጫቱ ግን መጠበቅ ስለማይወድ ወደ አወዳይ ገበያ ይከንፋል።

ባለፈው እሑድ እኛን ወደዚያ የወሰደን ሐይቁ ነው። በቀድሞው የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ በዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የተማሩ ሽማግሌዎች ስለ ውኃውና ስለ ወፎቹ ሲያወሩ አይደክማቸውም። በ1990ዎቹ የተወለድነው ግን በልጅነታችን የሰማነው ሞቱን ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ግድም ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር።

አንባቢ ይህን ያደረገው የዝናብ እጥረት ብቻ እንዳይመስለው። ሐይቁ የሚኖረው በዙሪያው ካለው ኮረብታ በሚወርደው ጎርፍ ነው፤ ጎርፉም የእርሻውን አፈር እያመጣ ሞላው። የሐረር ከተማ የሚጠጣውን ለብዙ ዓመታት ከዚሁ ቀዳ፤ ገበሬውም ለጫቱና ለአትክልቱ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተከለ። ሁሉም የሚያስፈልገውን ወሰደ፤ ወጪውን ከገቢው የሚያስተያይ ግን አልነበረም። (የሒሳብ ሹም የሌለው መሥሪያ ቤት ስንት ወር እንደሚቆይ ወጣት ሹማምንት ያውቁታል።)

በኋላ ሐረር ውኃዋን ከድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች መሳብ ጀመረች፤ በኮረብታው ላይም እርከን ተሠራ፤ ዝናቡም አገዘ። እነሆ በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ተመልሷል፤ ከሐረርና ከድሬዳዋ የሚመጣ ወጣትም በዳርቻው ፎቶግራፍ ይነሣል።

አሁን የሚያሳስበው ይህ ደስታ ነው። ሐይቁ መዝናኛ ይሁን ሲባል ስለ ሆቴልና ስለ ጀልባ ማውራት ይቀናል። ገበሬውን «ሞተርህን ንቀል» ብሎ ማዘዝም ቀላል ነው፤ ነገር ግን የልጆቹ ደብተርና ልብስ የሚወጣው ከዚያው ቱቦ ነው። በእኔ አስተያየት በዳርቻው የሚዘረጋው ወንበር ሳይቆጠር ሞተሩ ይቆጠር፤ ስንት ሰዓት እንደሚስብም ከገበሬው ጋር ተመካክሮ ይወሰን። ከጎብኚ ከሚገኘው ገንዘብም ከፊሉ ወደ ኮረብታው ይውጣ፤ እርከኑን የሚጠግነው ሰው ጀልባ ላይ ተሳፍሮ አያውቅምና።

ማምሻውን በመቅዘፊያ የምትሄድ አንዲት ጀልባ ወደ ዳር ስትጠጋ የሞተር ድምፅ ተነሣ። ዞር ብለን ብናይ ከጎመኑ ማሳ በኩል ነው።