የሰዓት አቆጣጠራችን ይለወጥ ወይስ ይቆይ?

አንዳንድ ሰዎች የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከሌላው ዓለም ጋር ስለማይገጥም በዓለም አቀፉ አቆጣጠር መተካት አለበት ይላሉ። ይህ አስተያየት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሸቀጥ ሊያመጣ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ አንድ የመርካቶ ነጋዴ፣ በአውሮፕላን ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን የጧት 8 ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ብሎ ቢረዳው፣ ጣቢያው የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከተነሣ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። ጉዳቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም መፍትሔው አቆጣጠሩን መጣል ነው በሚለው አልስማማም። ምክንያቴንም ሁለት የአፍሪካ ገበያዎችን በማነጻጸር አስረዳለሁ።

በአዲስ ከተማ የሚገኘው መርካቶና በታንዛንያ፣ በዳሬሰላም የሚገኘው ካሪያኮ ታሪካቸው ይቀራረባል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያኖች የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ አዛወሩት። ስሙም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ካሪያኮ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ስንቅና ጥይት ያሸከሟቸው አፍሪካውያን ከሰፈሩበት ቦታ ጋር የተያያዘ ስም ነው፤ «ካሪየር ኮር» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ በአገሬው አንደበት ተለውጦ ካሪያኮ ሆነ።

ስማቸው ከባዕድ ቢመጣም የሰዓት አነጋገራቸው ግን የራሳቸው ነው። ሁለቱም ከተሞች ከግሪኒች በ3 ሰዓት በሚቀድም የሰዓት ክልል ውስጥ ይገኛሉ። መርካቶ ውስጥ «ጧት 2 ሰዓት» ሲባል፣ ካሪያኮም በስዋሂሊ ቋንቋ «ሳ ምቢሊ»፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ይባላል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የካሪያኮ ነጋዴ የእጅ ሰዓቱ 8ን እያመለከተው በአፉ 2 ሲል፣ ከመርካቶ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሰዓቱን ራሱን በአገራቸው አቆጣጠር ይሞሉታል።

ይህ አቆጣጠር ለሁለቱም አገሮች ተፈጥሮ የተስማማ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል፣ ዳሬሰላም በስተደቡብ 7 ዲግሪ ያህል ይርቃሉ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት እኩል ለመሆን ይቀርባሉ። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ በለንደን ግን ልዩነቱ ከ8 ሰዓት ይበልጣል። እንግዲህ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ለእኛ ትርጉም አለው፤ ለእነርሱ ግን አይመችም።

ታዲያ የነጋዴው ችግር እንዴት ይወገድ? ሁለቱንም አቆጣጠር አጥርቶ በማወቅ ነው። በቲኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት ከ6 የበለጠ ከሆነ 6 ቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንሱ። 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ደምሩበት። በዚህ መሠረት 14 ሰዓት ከቀኑ 8፣ 21 ሰዓት ከምሽቱ 3፣ 5 ሰዓት ከሌሊቱ 11 ይሆናል። ይህን ያህሉን ስሌት ለመሸሽ ብለን ከፀሐያችን ጋር የተስማማውን አቆጣጠር መተው አይገባንም። የካሪያኮ ነጋዴ ሁለቱን አቆጣጠሮች በየቀኑ እያስማማ ይሠራል፤ እናንተም ይህን ማድረግ አያቅታችሁም።