ካመኑን ቅድሚያው ለምን?

«ዝርዝር የሚጽፍ ተከራይ ገና ሳይገባ መውጫውን የሚያስብ ነው። እኛ የምናከራየው በመተማመን ነው።»

ይህን ያሉት በአዊ ዞን የአዘና ከተማ አንድ አከራይ ናቸው። አዲስ ተመድቦ የመጣ መምህር «የቤቱን ሁኔታና ያለውን ዕቃ ጽፈን እንፈራረም» ቢላቸው እንዲህ መለሱለት። ደላላው ሳቀ። መምህሩ አፈረና ቁልፉን ተቀበለ። ከቁልፉ በፊት ግን የሦስት ወር ኪራይ ቆጥሮ አስረክቧል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ጌታዬ፣ ካመኑት የሦስት ወሩ ቅድሚያ ለምን አስፈለገ? ብሩ ሲቆጠር መተማመኑ የት ሄዶ ነበር? ተከራይ የሚሰጠው አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ የሚረከበው ግን በደፈናው! ይህ መተማመን ከተባለ የሚያምነው አንድ ወገን ብቻ ነው።

የሚረከበውስ ምንድን ነው? መስታወቱ የተሰነጠቀ መስኮት፣ የላላ ሶኬት፣ ክረምት ሲገባ በምስማሩ ቀዳዳ የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ፣ ከሌሎች ተከራዮች ጋር የሚጋራው ቆጣሪ። ቆጣሪው ስንት ላይ እንደነበር ያየ የለም፤ ወር ሲሞላ ያለፈው ተከራይ የፈጀው መብራት አዲሱ ላይ ይወድቃል። ሲለቅ ደግሞ «መስታወቱን የሰበርከው አንተ ነህ» ይባላል። ማን ይመስክርለት? ደላላው? እሱ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከሄደ ቆይቷል።

አከራዩም ቢሆኑ አይተርፉም። ሌሊት ሻንጣውን ጭኖ የጠፋ ተከራይ አምፖሉንና የበሩን ቁልፍ ነቅሎ ቢሄድ «ነበረኝ» ከማለት በቀር ምን ያቀርባሉ?

የአዘናው አከራይ ደግሞ እኮ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው! በመሥሪያ ቤታቸው አንዲት ወንበር ያለ ሞዴል 19 ገቢ፣ ያለ ሞዴል 22 ወጪ አትሆንም። ፈርሙ ሲባሉ «አልታመንኩም» ብለው አኩርፈው ያውቃሉ? አዊ የፈረስ አገር ነው፤ ጥርሱን ገልጦ፣ ሰኮናውን አንስቶ ሳያይ ፈረስ የሚገዛ የለም፤ ሻጩም አይቀየምም። ቤት ላይ ሲደረስ ማየትና መጻፍ እንዴት ነውር ሆነ?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል ደረጃ የሚፈጸመው ክልሎች በሚመርጧቸው ከተሞች ነው ይባል ይሆናል። ይሁን። ለግማሽ ገጽ ጽሑፍም አዋጅ ይጠበቃል?

ተከራዮች ሆይ፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውን፣ የቁልፉን ብዛት፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፉ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሁለት ቅጂ አድርጋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንዱ ከአከራይ፣ አንዱ ከእናንተ ይቀመጥ። አከራዩ «በመተማመን ነው» ካሉ መልካም፤ እናንተም ኪራዩን ያለ ቅድሚያ፣ ወር ሲሞላ፣ በመተማመን ክፈሏቸው። ይህን እንቢ ካሉ ሌላ ቤት ፈልጉ።