ለላስታ ዳገት የቱ የቤዝ ሳጥን ይሻላል?

እንደሚታወቀው በእኛ ዲፓርትመንት ተማሪዎች መካከል ስለ መኪና ድምፅ ወሬ ከተነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «አምፑ ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ስፒከሩ ስንት ኢንች ነው?» ይሆናል። «ሳጥኑ ስንት ሊትር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሳጥኑ እንደ ጌጥ፣ ቢበዛ እንደ ማስቀመጫ ነው የሚታየው። ሾፌሩም የሚመርጠው በሚያምረው ምንጣፍ ወይም በዋጋው ነው፣ አናጺውም የሚሠራው በተረፈው ጣውላ ልክ ነው።

በእኔ በኩል ነገሩ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። የሰብዉፈርን ድምፅ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው ከዋቱ ይልቅ ሳጥኑ ነው። በላሊበላና በላስታ ለሚሠሩ ሚኒባሶችም ትክክለኛው ምርጫ ለከፍታችን ተለክቶ እዚሁ በእኛ አናጺ የተሠራ ዝግ ሳጥን ነው። ይህን የምለው በስሜት አይደለምና ምክንያቶቼን አንድ በአንድ ላቅርብ።

በመጀመሪያ ሳጥኑ ለምን እንዳስፈለገ እንይ። የስፒከር ሸራ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፣ ከኋላው ያለው ደግሞ ይሳሳል። ሳጥን ከሌለ የፊቱና የኋላው አየር በጎን ዞረው ይገናኙና አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ወፍራሙ ድምፅ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ስለዚህ የሳጥኑ የመጀመሪያ ሥራ የኋላውን አየር ማሰር ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ዝግ ሳጥን ሲሆን በውስጡ የታሰረው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ሸራውን ይይዘዋል። ይህን ሐሳብ ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ኤአር-1 በተባለው ስፒከር ለገበያ አብቅቶታል። ሁለተኛው ቱቦ ያለው ሳጥን ነው። የዚህን አሠራር ለመረዳት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። ባዶ ብርሌ አንስቶ አፉ ላይ እፍ ማለት ይበቃል። ከብርሌው የሚወጣው አንድ ወፍራም ድምፅ፣ በአንገቱ ያለው አየር በሆዱ ባለው አየር ላይ ሲነጥር የሚፈጠር ነው። ቱቦ ያለው ሳጥንም እንዲሁ በአንድ በተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስፒከሩን ያግዘዋል። የሁለቱንም ስሌት ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሟልተው አስቀምጠውልናል። ዛሬ በስፒከር ወረቀት ላይ የምናያቸው ቁጥሮች የሚጠሩት በእነሱ ስም ነው።

እውነቱን ለመናገር ቱቦ ያለው ሳጥን ጥቅም አለው። በተቃኘበት አካባቢ እስከ 3 ዴሲቤል ገደማ ሊጨምር ይችላል፤ ይህም የአምፑን ዋት በእጥፍ እንደ ማሳደግ ነው። ታዲያ ለምን አልደግፈውም? ምክንያቱም ጥቅሙ የሚገኘው በልክ ሲሠራ ብቻ ነው። የቱቦው ርዝመትና ስፋት፣ የሳጥኑ ሊትርና የስፒከሩ ጠባይ ካልተጣጣሙ የሚወጣው ድምፅ በየትኛውም ዘፈን ላይ ያው አንድ «ዱም ዱም» ነው። ከዚህም ሌላ፣ ድምፁ ከተቃኘበት ፍሪኩዌንሲ በታች ሲወርድ ሸራውን የሚይዘው የአየር ሞላ አይኖርም። ሸራው እንደ ልቡ ይወዛወዛል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል ወይም ጥቅልሉ ይቃጠላል። ዝግ ሳጥን ግን የአንድ ሁለት ሊትር ስህተት ቢኖርበትም ይቅር ይላል። የእኛ አናጺ በሜትርና በእርሳስ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ስህተትን የሚችለውን ንድፍ መምረጥ አስተዋይነት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከተሳፋሪው ቦታ ጋር የተያያዘ ነው። ለአንድ ዓይነት ስፒከር ቱቦ ያለው ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ከዝጉ ይበልጣል። በሚኒባስ ውስጥ እያንዳንዱ ሊትር የአንድ ሰው እግር ወይም የአንዲት እናት ዘንቢል ማረፊያ ነው። ከወልድያ በዲልብና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ እስኪገባ ሰዓታት የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ለሳጥን ቦታ ይልቀቅ ማለት ተገቢ አይመስለኝም። በኩልመስክ በኩል ያለውን አቧራም አንርሳ። ቱቦ ክፍት አፍ ነው፤ አቧራው በዚያ ገብቶ ከሸራው ጀርባ፣ ጥቅልሉ በሚንቀሳቀስበት ጠባብ ክፍተት ሊሰገሰግ ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት የእኛው የራሳችን ነው፤ ይኸውም ከፍታ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በስፒከሩ ወረቀት ላይ «ቪ-ኤ-ኤስ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የሸራውን ልስላሴ በአየር ሊትር የሚገልጽ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በባሕር ጠለል አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ይህ ቁጥርም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በምሳሌ እንየው። ቪ-ኤ-ኤስ 60 ሊትር፣ ኪው-ቲ-ኤስ 0.45 የሆነ ስፒከር አለን እንበል። የተመጣጠነ ድምፅ ለማግኘት የሳጥኑን ኪው 0.707 ለማድረግ ከፈለግን ስሌቱ በባሕር ጠለል 41 ሊትር ገደማ ይሰጠናል። በላሊበላ ግን 60ው ወደ 45 ስለሚወርድ የሚያስፈልገን ሳጥን 31 ሊትር ያህል ብቻ ነው። በጀሪካን ብንቆጥረው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የነበረው ወደ አንድ ተኩል ወረደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልግም። 41 ሊትሩን ሳጥን እዚህ አምጥቶ የሠራ ሰው ስፒከሩ አይፈነዳበትም። የድምፁ ጠባይ በመጠኑ ይለወጣል፣ ሸራው ትንሽ አብዝቶ ይንቀሳቀሳል፣ አሥር ሊትር ቦታም በከንቱ ይሄዳል። ወልድያም ከላሊበላ ዝቅ ብትል ልዩነቱ ያን ያህል ስላልሆነ ለሁለቱም አንድ ሳጥን ይበቃል። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ስሌቱን ለራሳችን አገር አየር ካልሠራነው ማንም አይሠራልንም። ከመርካቶ ተገዝቶ የሚመጣው ሳጥንም ሆነ ከውጭ የሚገባው መመሪያ ላስታን አያውቃትም።

ስሱ አየር ሌላም መዘዝ አለው። ሸራው እኩል ቢንቀሳቀስ እንኳ የሚወጣው ድምፅ በባሕር ዳርቻ ከሚወጣው በ2 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል፣ ጥቅልሉንም ቶሎ አያቀዘቅዘውም። ሾፌሩ «ድምፁ አነሰኝ» ብሎ ቮሊዩም ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል። አንዳንዱ ስፒከር «ዕቃው ፌክ ነው» ተብሎ ሲጣል ጥፋቱ የአጠቃቀም ሊሆን ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መኪና ሽቅብ 1,000 ሜትር ሲወጣ የአየር ግፊት በእኛ ከፍታ ወደ 9 ኪሎ ፓስካል ይቀንሳል። የታሸገ የድንች ጥብስ ፌስታል ዳገት ላይ ሲነፋ አይታችሁ ይሆናል። ፍጹም አየር የማያስወጣ ሳጥን ቢኖር፣ በ12 ኢንች ሸራ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል የግማሽ ኩንታል ክብደት ይጠጋ ነበር! ብዙ ስፒከሮች በራሳቸው ጥቂት ስለሚተነፍሱ ይህ በተግባር አይደርስም። ቢሆንም በሳጥኑ ላይ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ መተው ብልህነት ነው። ቀዳዳዋ ለፈጣኑ የቤዝ ንዝረት እንደ ዝግ ትቆጠራለች፣ ቀስ ብሎ ለሚመጣው የዳገት ግፊት ግን በር ናት። «ዝግ» የምንለው ሳጥን በላስታ ምድር ትርጉሙ ይህ ነው።

ታዲያ ሳጥኑ እንዴት ይሠራ? ቅርጹ ብዙም አያሳስብ። የ50 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ስለሚጠጋ ሳጥኑ ቢረዝምም ቢያጥርም ለእሱ ልዩነት የለውም። ወሳኙ የውስጥ ሊትሩ ነው። በውጭ 50 በ40 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 60 ሊትር ይመስላል። በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ከተሠራ ግን ውስጡ 44.6 ሊትር ብቻ ነው። ማግኔቱ የሚይዘው ቦታም ከዚያ ላይ ይቀነሳል። «መጥኖ መደቆስ» ለበርበሬ ብቻ የተባለ አይደለም። ስስ ቺፑድ አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ ወፍራሙን መምረጥ፣ ከውስጥ በመሐል ደጋፊ እንጨት ማስገባት፣ መገጣጠሚያውን በኮላና በሲልከን መሙላት ያስፈልጋል። ኮላው በደንብ ከደረቀ በኋላ ወፍራም ድምፅ እያስጮሁ የበራ ጧፍ በየመገጣጠሚያው ማስጠጋት ጥሩ ፈተና ነው። ነበልባሉ ከተወዛወዘ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ። በመጨረሻም ሳጥኑ ከመኪናው አካል ጋር በብሎን ይታሰር። ያልታሰረ ሳጥን ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ የሚበርረው ወደ ተሳፋሪው ጀርባ ነው።

«ዝግ ሳጥን ድምፅ የለውም፣ ተሳፋሪ ደግሞ የሚወደው የሚጮኸውን ነው» የሚሉ አሉ። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጡ ራሱ ዝቅተኛውን ድምፅ ያጎላዋል። ዝግ ሳጥን ወደ ታች ሲወርድ ቀስ እያለ ስለሚቀንስ ከዚህ ጋር ይስማማል። ቱቦ ያለው ግን ከተቃኘበት በታች በአንዴ ነው የሚወድቀው። ሁለተኛ፣ የእኛ ሙዚቃ በከበሮ ምት የሚሄድ ነው። ምቱ ቶሎ ጀምሮ ቶሎ ማለቅ አለበት፤ ካልሆነ እስክስታው ይጠፋበታል። ከበሮውም ራሱ እኮ በሁለቱም ወገን በቆዳ የተለጎመ፣ በመሐል አየር የታሰረበት ዕቃ ነው!

ጩኸትን በተመለከተ ግን ልመና አለኝ። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ መለኪያ መሠረት 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንስና በ94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ሾፌርና ረዳት በዚያ ጩኸት ውስጥ የሚውሉት ግን ቀኑን ሙሉ ነው። ከተማችንም ተራ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከመንገዱና ከገበያው ሩቅ አይደሉም። ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ ግድግዳ አልፎ ርቆ ይሄዳል። ለገና በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ ሕዝቡን የሚያረካው ዋት አይደለም። ሌሊት ቅዳሴ ላይ የቆመ ምዕመን የሚኒባስ ቤዝ ሊሰማ አይገባውም። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ሕጋችንም ድምፅን ይመለከታል። ሆኖም ሕግ ከመምጣቱ በፊት ይሉኝታ ይቅደም።

የኪስ ጉዳይም አለ። ከኮሮናውና ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ላሊበላ ላይ ከደረሰው ጦርነት በኋላ በቱሪስት ይተዳደር የነበረ ሾፌር ምን ያህል እንደተጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። 300 ዋት የሚያወጣና 60 በመቶ ብቃት ያለው አምፕ ሙሉ በሙሉ ሲጮህ ከባትሪው 40 አምፔር ገደማ ይስባል። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራቶች ግን ሁለቱም ተደምረው የሚስቡት 9 አምፔር ያህል ነው። ባጃጅ ላይማ ጎኑ ክፍት ስለሆነ የሚያጎላ ግድግዳ የለም፣ ባትሪውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ለባጃጅ ሰብዉፈር አይመከርም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሾፌሩ ዋት ከሚገዛ በትንሽ ወጪ ሳጥኑን ያስተካክል።

ወደ ራሳችን ልመለስና፣ የዲፓርትመንታችን መምህራንና የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትመርጡ ተማሪዎች ይህን ነገር ብታስቡበት እወዳለሁ። የስፒከርን ጠባይ ለመለካት የሚያስፈልገው መልቲሜትር፣ አንድ ሬዚስተር፣ ፍሪኩዌንሲ የሚያወጣ ሞባይልና አነስተኛ አምፕ ነው። ሊትሩ የታወቀ አንድ የመፈተኛ ሳጥን ከተጨመረበት ቪ-ኤ-ኤስን እዚሁ በእኛ አየር መለካት ይቻላል። በገበያ የሚገኙትን ስፒከሮች ለክቶ፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ሊትርና የጣውላ ልክ በአማርኛ ሠንጠረዥ ሠርቶ ለከተማው አናጺዎች ማደል የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው። አናጺው አዲስ ገበያ ያገኛል፣ ሾፌሩ ገንዘቡ ይተርፈዋል፣ ተሳፋሪውም ጆሮውና ጉልበቱ ያርፋሉ። እኛ ደግሞ በክፍል የተማርነውን ቀመር ለጎረቤታችን አዋልነው ማለት ነው። የሚቀጥለው ጥያቄያችን «ስንት ዋት ነው?» ከመሆኑ በፊት «ስንት ሊትር ነው? የተሰላውስ በየት አየር?» የሚል ይሁን እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።