ሽቦው ያጠረው ፋይሉ ላይ ነው

ከሐምቡርግ የመጡት የኤ380 አውሮፕላን የሽቦ ጥቅሎች ቱሉዝ ባለው የኤርባስ መገጣጠሚያ ሲዘረጉ፣ የተወሰኑት ከመገናኛቸው አልደርስ አሉ። አጠሩ። አውሮፕላኑ የሚፈልገው ሽቦ ወደ 530 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ ቆርጦ በመቀጠል የሚፈታ ችግር አልነበረም።

የሐምቡርግ ንድፍ አውጪዎች ካቲያ በተባለው ሶፍትዌር 4ኛ ስሪት፣ የቱሉዞቹ ደግሞ በ5ኛው ይሠሩ ነበር። አንዱ ዘንድ የተለወጠው ሌላው ዘንድ እንዳለ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2006 የርክክቡ መዘግየት ሲነገር የእናት ኩባንያው የኢኤድስ አክሲዮን በአንድ ቀን 26 በመቶ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ የኤርባስ ሥራ አስኪያጅ ጉስታቭ ሁምበርት ሥልጣን ለቀቁ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ለሲንጋፖር አየር መንገድ የተሰጠው በጥቅምት 2007 ነው። ጥፋቱን በሶፍትዌሩ ማሳበብ ይቀላል፤ ሁሉም በአንድ ንድፍ ላይ እንዲሠራ ማስገደድ ግን የኃላፊዎች ድርሻ ነበር።

የአዲስ አበባ የሕንፃ ንድፍ ቢሮዎች አውሮፕላን አይሠሩም፤ ችግሩ ግን እዚህም አለ። አርክቴክቱ ደረጃውን ያዛውራል፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ በቀድሞው ፕላን ኮለን ያሰላል፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ባለሙያዎች በቴሌግራም የደረሳቸውን ይዘው ይቀጥላሉ። ፋይሉ «ፋይናል» ይባላል፤ ከዚያ «ፋይናል 2»፤ ከዚያ «ፋይናል የታረመ»። ሳይት ላይ ያለው ፎርማን ግን የሚያስቆፍረው በእጁ ባለው ወረቀት ነው።

መፍትሔው ውድ ሶፍትዌር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይሶ 19650 መስፈርት ፋይሎችን በአራት ይለያል፦ ገና የሚሠራበት፣ ለባልደረባ የተጋራ፣ ጸድቆ የወጣ፣ ማኅደር የገባ። ይህን በአራት ፎልደር መጀመር ይቻላል። ማን፣ መቼ፣ ምን፣ ለምን እንደቀየረ በፕላኑ ጥግ ባለው ሠንጠረዥ ይጻፍ። «ለምን» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ይቀራል፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚፈለገው ግን እሱ ነው።

መጠባበቂያ ቅጂም መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ተከፍቶ መሞከር አለበት። ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ1998 «ቶይ ስቶሪ 2»ን ሲሠራ በስህተት በተሰጠ ትእዛዝ አብዛኛው ፊልም ተሰረዘ፤ መጠባበቂያውም ሲሞከር አልሠራ አለ። የተረፈው አንዲት የቴክኒክ ኃላፊ ወልዳ ከቤት ትሠራ ስለነበር፣ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቅጂ በመገኘቱ ነው።

አሠሪዎችም ዝም ማለት የለባቸውም። ከአማካሪ ጋር ሲዋዋሉ፣ በእያንዳንዱ ርክክብ የትኛው ፕላን በሥራ ላይ እንዳለና የትኛው እንደተሻረ የሚያሳይ ዝርዝር እንዲቀርብላቸው፣ ክፍያውም ከዚያ በኋላ እንዲለቀቅ በውሉ ያስገቡ።