«ኢማኑ ደክሞ ነው» ከማለታችን በፊት



ከጀማዓችን አንዱ እግሩ ቢሰበር ከመግሪብ በኋላ ተሰባስበን ሄደን እንዘይረዋለን። ድብርት ይዞት ከቤት መውጣት ሲያቅተው ግን «ኢማኑ ደክሞ ነው» ብለን እናልፋለን። ባይፖላር ያለበት ወንድማችን አንድ ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ ገንዘቡን ሲበትን፣ ሌላ ሰሞን ከአልጋው መነሳት ሲያቅተው «ጂን ነው» እንላለን። እውነቱን እንነጋገር፤ እንዲህ እያልን ከሐኪም ያራቅናቸው አሉ።

ነብዩላህ ያዕቁብ (ዐለይሂ ሰላም) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አዝነዋል። ኢማናቸው ደካማ ነበር የሚል ከመካከላችን አለ?

ስለዚህ በየከተማችን ሕመሙን በራሳቸው የሚያውቁ ሰዎች የሚደጋገፉበት ትንሽ ስብስብ ይጀመር እንላለን። ስምንት ወይም አሥር ሆነው በሳምንት አንዴ ቢገናኙ ይበቃል፤ እህቶችም ለብቻቸው።

ጥቅሙን በረመዷን እንየው። ለባይፖላር ሊቲየም የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ውኃ ሲያጥረው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሊጠራቀም ይችላል። ለተራዊሕና ለሱሑር ተብሎ የሚቀነሰው እንቅልፍም ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህን የሚነግረው ያጣ ሰው ወይ ዝም ብሎ ይጾማል፣ ወይ መድኃኒቱን በራሱ ያቆማል። አምና ያለፈበት ጓደኛ ካለው ግን «ከሻዕባን ጀምረህ ሐኪምህን አማክር፤ አላህ ለታመመ ሰው ሩኽሳ ሰጥቷል» ይለዋል።

«ሚስጥራችን ይወጣል» የሚል ስጋት እንሰማለን። እውነት ነው፤ ከተማው ትንሽ ነው፣ ወሬ ደግሞ ፈጣን ነው። ለዚህም ነው ደንቡ ጠበቅ ማለት ያለበት። እዚያ የተነገረ እዚያው ይቀራል። ማንም የሌላውን መድኃኒት አያስቀይርም፣ አያስቆምም። ራሱን ስለመጉዳት ያወራ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ያኑ ቀን ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ስብስቡ የሐኪም ምትክ አይደለምና።

ሩቃውም ዱዓውም ይቀጥል። «ሩቃ ከጀመርክ ኪኒኑን ጣል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን አትስሙት።

ወጣቶች ሆይ! ከሶፍ የጠፋ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉለት። «ምነው ጠፋህ?» ብላችሁ አትውቀሱት። «እንዴት ነህ?» በሉትና መልሱን እስከ መጨረሻው አዳምጡት። ስብስቡ ከዚያ ይጀምራል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።